ፊልም ከተማን የሚያሳየን መቼ ነው?

ፓሪስን ለማሳየት የኤፍል ማማን፣ ሮምን ለማሳየት ኮሎሲየምን መቅረጽ ቀላል ነው። ይህን ግን ፖስት ካርድም ያደርገዋል። የትልቅ ከተማ ጠባይ የሚገለጠው ነዋሪው ሥራ ሲፈልግ፣ ሲጓዝ፣ ሲቸገርና ከጎረቤቱ ጋር ሲኖር ነው። ስለዚህ ፊልም ስታዩ አንድ ጥያቄ ያዙ፦ ይህ ታሪክ ወደ ሌላ ከተማ ቢወሰድ ምን ይጎድለዋል? ምንም ካልጎደለው ከተማው ጌጥ ብቻ ነበር ማለት ነው። ሦስት ፊልሞችን በዚህ መለኪያ እንይ። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ሮም፦ ብስክሌት እንጀራ ሲሆን

የቪቶሪዮ ዴ ሲካ «የብስክሌት ሌቦች» የወጣው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ በሦስተኛው ዓመት፣ በ1948 ነው። ባለታሪኩ አንቶኒዮ የሚኖረው ከመሐል ከተማ በራቀው በቫል ሜላይና ሰፈር ነው። ከብዙ ጊዜ ሥራ ማጣት በኋላ ማስታወቂያ የመለጠፍ ሥራ ያገኛል፤ ብስክሌት የሌለው ግን አይቀጠርም። የእሱ ብስክሌት በመያዣ ስለተያዘ ሚስቱ የአልጋ አንሶላዎቻቸውን አስይዛ ታስለቅቅለታለች። በመጀመሪያው የሥራ ቀን ብስክሌቱ ይሰረቃል።

ከዚያ በኋላ አባትና ልጅ ሲፈልጉ እኛም ሮምን እናውቃለን። ፖሊሱ አቤቱታውን ይመዘግብና ነገሩ በዚያው ያበቃል። በገበያው ጎማ ለብቻ፣ ደወል ለብቻ ተደርድሮ ይሸጣል፤ የተፈታታ ብስክሌት ደግሞ የእኔ ነው ብሎ መለየት ከባድ ነው። አንቶኒዮ የሌባው ሰፈር ሲደርስ ጎረቤቶቹ ከሌባው ጎን ይቆማሉ። ርቀቱ፣ ሥራ አጥነቱና የሰፈሩ መተሳሰር ባይኖሩ ይህ ታሪክ አይኖርም። ዋናውን ሚና የተጫወተው ላምቤርቶ ማጆራኒም የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር።

ካይሮ፦ በአንድ ጣቢያ ውስጥ

ከተማን ለማሳየት ከተማውን በሙሉ መዞር ግድ አይደለም። ዩሱፍ ሻሂን በ1958 «ባብ ኤል ሐዲድ» በተባለው ፊልሙ ካሜራውን በካይሮ ባቡር ጣቢያ ተክሎ ይቆያል። አንካሳውን ጋዜጣ ሻጭ ቂናዊን የተጫወተው ራሱ ሻሂን ነው። ሀኑማ ከጥበቃዎች እየሸሸች ለመንገደኞች ቀዝቃዛ መጠጥ ትሸጣለች፤ አቡ ሲሪ ተሸካሚዎችን በማኅበር ለማደራጀት ይታገላል። የጣቢያው ግርግር የቂናዊን ብቸኝነት ያጎላዋል፤ በሺህ ሰው መካከል ሆኖ ሰው የሌለው መሆን የትልቅ ከተማ አንዱ ፊት ነውና። ፊልሙ ሲወጣ የግብፅ ተመልካች አልተቀበለውም ነበር፤ ዛሬ ግን ከዐረብ አገሮች ታላላቅ ፊልሞች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል።

ሎስ አንጀለስ፦ የኃይሌ ገሪማ ካሜራ

ሎስ አንጀለስ የሆሊውድ ከተማ ናት። ጎንደር የተወለደው ኃይሌ ገሪማ ግን በዩኒቨርሲቲ ተማሪነቱ በሠራው «ቡሽ ማማ» ዋትስ ወደተባለው የጥቁሮች ሰፈር ወሰደን። ዶረቲ በመንግሥት ድጎማ ልጅ የምታሳድግ እናት ናት፤ የልቧ ሰው ከቬትናም ጦርነት ተመልሶ እስር ቤት ገብቷል። የድጎማ ቢሮው ጥያቄዎች በድምፅ እየተደጋገሙ የቢሮውን ጫና እቤቷ ድረስ ያመጡታል። በፊልሙ መግቢያ ፖሊሶች ሰዎችን አስቁመው ሲፈትሹ ይታያል፤ የተፈተሹት የፊልሙ ሠራተኞች ናቸው፣ ትዕይንቱም እውነተኛ ነው። ስለዚያ ሰፈር ኑሮ ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አያስፈልግም።

እንዴት እንይ?

ፊልም ስታዩ እነዚህን ጠይቁ፦ ባለታሪኩ የት ይኖራል? ሥራ ቦታው የሚደርሰው በምን ነው? ቢቸገር በሩን የሚከፍትለት ማን ነው? ቢሮ ሲገባ ማን ያናግረዋል? ስለ አዲስ አበባ የተሠሩትንም በዚሁ ሚዛን መዝኗቸው። ፊልም መሥራት የምትፈልጉ ደግሞ ካሜራውን ከማንሳታችሁ በፊት የባለታሪካችሁን የቤት ኪራይና የታክሲ ወጪ አስሉ። ይህን ያላወቀ ፊልም ሠሪ ሕንፃ ሊያሳየን ይችላል፤ ከተማ ግን አያሳየንም።