ጅራፉ የተነሣው በማን ቤት ነው? (በምኩራብ ሳምንት የሚጠና ትምህርት)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ የዐቢይ ጾም ሦስተኛው ሰንበት ምኩራብ ይባላል። ጌታችን ወደ ቤተ መቅደስ ገብቶ በሬና በግ የሚሸጡትን በገመድ ጅራፍ ማስወጣቱ፣ የገንዘብ ለዋጮቹንም ገበታ መገልበጡ ይታሰብበታል (ዮሐ. 2፥13-16)። በዚያው ምዕራፍ ከፍ ብላችሁ ብታነቡ ደግሞ የቃና ዘገሊላን ሠርግ ታገኛላችሁ። ጋብቻና ንግድ በአንድ ምዕራፍ ተቀምጠዋል። የዛሬው ትምህርታችንም ስለ ሁለቱ ነው።

1. ስለ ጋብቻ የምናምነው

ተክሊል ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ ነው። አንድ ወንድና አንዲት ሴት በፈቃዳቸው፣ በጸሎትና በቅዱስ ቁርባን አንድ ሥጋ ይሆናሉ (ማቴ. 19፥4-6)። እንደ ገበያ ውል ሲሻን የምናፈርሰው ነገር አይደለም። ቤተ ክርስቲያን የተመሳሳይ ፆታ ጥምረትን ጋብቻ ብላ የማትቀበለውም ከዚሁ ትምህርቷ ተነሥታ ነው።

2. በ2011 ዓ.ም. የሆነው

በግንቦት 2011 ዓ.ም. መጨረሻ አንድ ወሬ ብዙዎቻችንን አነጋገረ። ቶቶ ቱርስ የሚባል፣ በአሜሪካ ቺካጎ ያለና ለተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ጉዞ የሚያዘጋጅ ድርጅት ወደ ኢትዮጵያ እንግዶች ሊያመጣ፣ ላሊበላንም ሊያስጎበኝ ማሰቡ ተሰማ። በኒቅያ በተሰበሰቡት 318 አባቶች ስም የተጠራው የሠለስቱ ምዕት ኅብረት መንግሥት ጉዞውን እንዲከለክል ጠየቀ። ድርጊቱም በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የተከለከለ ነው።

አቤት ማለት መብት ነው፤ ነውር የለበትም። ነገር ግን የድርጅቱ ባለቤት ዛቻ እንደ ደረሳቸው ተናግረዋል። በክርስቶስ ስም የሚዝት ሰው ለማን ነው የሚመሰክረው?

በሌላው ዓለም ነጋዴው የሚገፋው ከተቃራኒው ወገን ነው። በአሜሪካ ኮሎራዶ አንድ ክርስቲያን ኬክ ጋጋሪ በ2012 እ.ኤ.አ. ለሁለት ወንዶች ሠርግ ኬክ አልሠራም ብሎ ተከሰሰ። በ2018 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የክፍለ ግዛቱ ኮሚሽን ለሰውየው እምነት ገለልተኛ ሆኖ አላየውም ሲል ፈረደለት። በእኛ ላይ ሲሆን ግፍ የምንለውን እኛ በሌላው ላይ ስናደርገው ጽድቅ ሊሆን አይችልም (ማቴ. 7፥12)።

3. «ጌታስ ጅራፍ አንሥቶ የለም ወይ?»

አዎ፣ አንሥቷል። ግን የት? በሮማውያን ገበያ አይደለም፤ በአባቱ ቤት ነው። ያስወጣውም እግዚአብሔርን እናመልካለን ሲሉ የነበሩትን ነው። ቅዱስ ጳውሎስም በውጭ ባሉት ላይ መፍረድ የእግዚአብሔር ድርሻ እንደ ሆነ፣ የእኛ ድርሻ የውስጣችንን ማስተካከል እንደ ሆነ ያስተምራል (1ቆሮ. 5፥12-13)። እንግዲህ ወደ ቤታችን እንግባ።

የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ሰው ጾሙን አጥብቆ ይጾማል። ትዳሩን ግን ብዙው በሰማንያ አድርጎ ቁርባኑን ለእርጅና ያቆየዋል። «ቆርበን ብንጣላስ?» እንላለን። ይህ አባባል ከመጀመሪያው ለመፋታት በር ትቶ መግባት አይደለም ወይ? 18 ዓመት ያልሞላት ልጁን ሳትፈቅድ የሚድር አባትስ ስለ ጋብቻ ክብር ለማን ይናገራል?

በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌ፣ በዓለም ከተማ አልጋ የምታከራዩ ወንድሞችና እኅቶች! የሩቁን እንግዳ አውግዛችሁ፣ በገበያ ቀን ሚስቱን ትቶ ከሌላ ጋር ለሚመጣው የሰፈራችን ሰው ቁልፍ ትሰጣላችሁን? ብሩ ይጎድላል ብላችሁ ዝም ካላችሁ የእናንተም ገበታ የሚገለበጥ ነው።

4. ታዲያ ምን እናድርግ?

ጓሳ ላይ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት ከባሕር ማዶ እንግዳ ይመጣል። እንግዳን ማብላትና ማሳደር የአባታችን የአብርሃም ግብር ነው (ዘፍ. 18)። እምነታችን የማይቀበለውን «ባርኩ» ብንባል «ይቅርታ፣ ይህን አልችልም» ብለን በትሕትና እንመልስ። ሕግ የሚመለከተውን ለሕግ እንተው። መሳደብ፣ ማስፈራራት፣ የሰው ንብረት መንካት ግን ጾማችንን ከንቱ ያደርገዋል። ሥጋና ቅቤ ትተን ወንድማችንን ብንበላ ምን ጾምን እንላለን?

በሰማንያ ያላችሁ ባልና ሚስት፣ በዚህ ጾም የነፍስ አባታችሁን አማክሩ፤ ለትንሣኤ አብራችሁ ለመቁረብ ተዘጋጁ። ስለ ጋብቻ ከሰልፍም ከጩኸትም ይልቅ የሚመሰክረው ይህ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. ቁርባናችንን የምናቆየው ለምንድን ነው?
ለ. በንግዳችን ውስጥ ጋብቻን የሚያፈርስ ገቢ አለን?
ሐ. እምነትን ሳይደብቁ፣ ሰውንም ሳያዋርዱ እንዴት መናገር ይቻላል?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።