የሆቴል አልጋና የኢንተርኔት ደላላ

ኢንተርኔት በጉዞው ንግድ ውስጥ ሲገባ ብዙ የተነገረለት ትንቢት «ከእንግዲህ ደላላ ቀረ» የሚል ነበር። መንገደኛው ከቤቱ ሆኖ ከአየር መንገዱም ከሆቴሉም ጋር በቀጥታ ይገናኛል፤ መሃል ቆሞ ኮሚሽን የሚቆርጥ አይኖርም ተባለ።

ትንቢቱ የደረሰው በግማሹ ነው። ትኬት ሻጭ ወኪሎች በእርግጥ ተመትተዋል። የአሜሪካው ዴልታ አየር መንገድ ከትኬቱ ዋጋ 10 በመቶ ይከፍላቸው የነበረውን ኮሚሽን፣ እ.ኤ.አ. በ1995 በአገር ውስጥ ደርሶ መልስ ጉዞ ከ50 ዶላር እንዳይበልጥ ወሰነ። በ2002 ደግሞ መደበኛውን ኮሚሽን ጨርሶ አስቀረው።

በሆቴሉ በኩል የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። አየር መንገዶች ጥቂትና ትላልቅ ስለሆኑ መንገደኛው በስም ያውቃቸዋል። ከዱባይ ተነስቶ አዲስ አበባ የሚመጣ ነጋዴ ግን ቦሌ አካባቢ ያለውን ባለ 40 ክፍል ሆቴል ከየት ያውቀዋል? ደላላ የሚኖረው ገዥና ሻጭ በማይተዋወቁበት ገበያ ነው፤ የሆቴል ገበያም ከዚህ የባሰ የለም። በ1996 ኔዘርላንድ ውስጥ የተቋቋመው ቡኪንግ ይህንን ክፍተት ያዘ። እንግዳው ሒሳቡን ሆቴሉ ውስጥ እንዲከፍል፣ ሆቴሉም ኮሚሽኑን ኋላ እንዲያስገባ በመፍቀዱ ትናንሽ ሆቴሎች ወደዱት። በ2005 የአሜሪካው ፕራይስላይን የገዛው በ133 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ዛሬ ቡኪንግ ሆልዲንግስ የሚባለው ይኸው ኩባንያ በ2024 ብቻ ከ23 ቢሊዮን ዶላር በላይ ገቢ አግኝቷል። የሰፈራችን ደላላ ከሻጭም ከገዥም ይቀበል ይሆናል፤ ይህኛው የሚቀበለው ከሆቴሉ ነው። በመሆኑም እንግዳው በነጻ የተገለገለ ይመስለዋል።

ወደ ሒሳቡ እንግባ፤ ብዙ ባለሀብት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። አንድ አልጋ በ100 ዶላር ይሸጣል፣ ኮሚሽኑ 15 በመቶ ነው እንበል። ባለሆቴሉ «15 በመቶ ብቻ ነው» ይላል። ነገር ግን ኮሚሽኑ የሚቆረጠው ከትርፍ ሳይሆን ከሽያጭ ነው። ለአንሶላ እጥበት፣ ለሳሙና፣ ለመብራትና ለቁርስ 30 ዶላር የሚወጣ ከሆነ፣ በቀጥታ ከመጣ እንግዳ 70 ዶላር ይተርፋል፤ በኢንተርኔት ከመጣው 55 ዶላር። ከሚተርፈው ላይ የሄደው እንግዲህ ከአምስት አንድ በላይ ነው። የባንክ ብድር የሚከፈለውም ከዚሁ ነው።

ታዲያ ይቅር? በፍጹም። አልጋ እንደ ጤፍ መጋዘን ገብቶ ዋጋ አይጠብቅም፤ ዛሬ ባዶ ያደረ አልጋ ነገ አይሸጥም። ባዶ ሊያድር ለነበረ አልጋ 55 ዶላር ትልቅ ገንዘብ ነው። ጥያቄው ሌላ ነው፦ የመጣው እንግዳ አዲስ ነው ወይስ ድሮውንም ስልክ ደውሎ ይመጣ የነበረ? አዲሱ 55 ዶላር ያስገባል፤ የድሮው ደንበኛ መንገድ ስለቀየረ ብቻ 15 ዶላር ያስወጣል። ከአሥር እንግዶች ሦስቱ አዲስ ከሆኑ፣ ገቢው 165፣ ኪሳራው 105 ነውና ሆቴሉ 60 ዶላር ተጠቀመ። ሁለቱ ብቻ አዲስ ከሆኑ ግን 110 አግኝቶ 120 ያጣል። ክፍሎቹ ሞልተው «ገንዘቡ የት ገባ?» የሚል ባለሆቴል መልሱን ከዚህ ቢፈልግ ይሻለዋል።

ነገሩን ያከረረው የዋጋ ግዴታው ነው፤ ይኸውም ሆቴሉ በራሱ ድረ ገጽ ላይ ከደላላው ዋጋ ዝቅ አድርጎ እንዳይሸጥ የሚያስር የውል አንቀጽ ነው። ሻጭ በገዛ ሱቁ ቅናሽ ማድረግ ካልቻለ የድሮ ደንበኛውን በምን ያቆየዋል? የጀርመን የውድድር ባለሥልጣን ግዴታውን በ2015 ከለከለ፤ ክርክሩ ዓመታት ፈጅቶ በ2021 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ክልከላውን አጸናው። በ2024 የስፔን ባለሥልጣን ቡኪንግን በተለያዩ የውል ግዴታዎች ምክንያት 413 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣ። በዚያው ዓመት አዲሱ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ አስገድዶት ኩባንያው የዋጋ ግዴታውን ከአውሮፓ አነሳ።

እነዚህ ውሳኔዎች የሚሠሩት ግን እዚያው አውሮፓ ነው። የአዲስ አበባ፣ የባሕር ዳር ወይም የሐዋሳ ባለሆቴል የሚገዛው በፈረመው ውል ስለሆነ፣ ስለ ዋጋ የሚናገረውን አንቀጽ አውጥቶ በጠበቃ ማስነበብ አለበት። አንቀጹ የሚፈቅድ ከሆነ፣ በስልክ አልጋ ለሚይዝ የቆየ ደንበኛ 8 ዶላር ቢቀንስለት እንኳ ለሆቴሉ 62 ዶላር ይተርፋል፤ በድረ ገጹ ከሚገኘው በ7 ዶላር ይበልጣል። ለዚህም መጀመሪያ ማን አዲስ፣ ማን የቆየ እንደሆነ መታወቅ አለበት። ውድ መሣሪያ አያስፈልገውም፤ በእንግዳ መዝገቡ ላይ «ከዚህ በፊት እኛ ዘንድ አርፈው ያውቃሉ?» የሚል አንድ ዓምድ ተጨምሮ ለሦስት ወር ቢሞላ ቁጥሩ ይገኛል።