ስለ ኒው ዮርክ ከተማ የመጠጥ ውሃና በምንጩ ላይ ካሉት ገበሬዎች ጋራ ስለ ተደረገው ውል

የአንድ ከተማ ሕዝብ የሚጠጣው ውሃ ብዙ ጊዜ የሚመነጨው ከከተማው ወሰን ውጭ በሌላ ሰው ርስት ላይ ነው። የከተማው ሹም በዚያ መሬት ላይ ለማዘዝ አይመቸውም፤ በዚያ መሬት ላይ የሚያርሰውም ገበሬ ስለ ከተማው ሕዝብ ጤና የሚጠየቅ አይመስለውም። በሁለቱ መካከል የሚነሣው ክርክር በምን መንገድ ሊያልቅ እንደሚችል ለመረዳት የሚፈልግ አገረ ገዥ ወይም ባለርስት፣ በአሜሪካ የኒው ዮርክ ከተማና ከበላይዋ ያሉት ወረዳዎች ያደረጉትን ነገር ቢመረምር ይጠቅመዋል። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ኒው ዮርክ ከ8 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ያላት ከተማ ስትሆን በየቀኑ ወደ 4 ቢሊዮን ሊትር የሚጠጋ ውሃ ታከፋፍላለች። ከዚህም ከመቶ 90 እጅ የሚሆነው የሚመጣው በስተሰሜን ምዕራብ እስከ 200 ኪሎ ሜትር ድረስ ርቀው ከሚገኙት ከካትስኪል ተራራዎችና ከደላዌር ወንዝ ራስጌ ነው። ውሃው በግድቦች ተጠራቅሞ ከመሬት በታች በተቈፈረ ቦይ እስከ ከተማይቱ ድረስ በራሱ ቍልቍለት ይወርዳል። ከቦዮቹ አንዱ 137 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ተራሮቹ ደን የለበሱ፣ ሸለቆዎቹም የላም ወተት በሚሸጡ ትንንሽ ገበሬዎች የተያዙ ናቸው።

ከተማይቱ ወደዚያ አገር የገባችበት መንገድ ግን መልካም ስም አላተረፈላትም። በ1905 የግዛቱ መንግሥት ባወጣው ሕግ መሠረት ከተማይቱ በካትስኪል ያለውን መሬት ባለቤቱ ባይፈቅድም ካሣ ከፍላ እንድትወስድ ሥልጣን ተሰጣት። በ1907 የአሾካን ግድብ ሥራ ሲጀመር ወደ 2,000 የሚጠጋ ሰው ከቤቱ ተነሣ፤ መንደሮች ፈረሱ፤ ከ2,000 የሚበልጡ መቃብሮችም ተቈፍረው ዐፅማቸው ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወረ። የካሣውም ክርክር ብዙ ዓመት ፈጀ። ከዚያም በኋላ እስከ 1960ዎቹ ድረስ ሌሎች ግድቦች እየተከተሉ ሌሎች መንደሮችን አሰጠሙ። ስለዚህ ከከተማይቱ የመጣ ሹም በዚያ ተራራማ አገር በሚታይበት ጊዜ፣ የያዘው ወረቀት ምን እንደ ሆነ ሳይታወቅ አስቀድሞ ጥርጣሬ ይቀበለው ነበር። አባት ያጣውን ርስት ልጅ አይረሳም፤ የልጅ ልጅም እንዲሁ።

ነገሩ እንደገና የተነሣው በ1989 ነው። በዚያ ዓመት የማዕከላዊው መንግሥት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ከወንዝና ከሐይቅ የሚጠጣ ከተማ ሁሉ ውሃውን በማጣሪያ እንዲያሳልፍ፣ ይህን የማያደርግ ግን የውሃውን ምንጭ በሚገባ የሚጠብቅ መሆኑን እንዲያስረዳ አዘዘ። ለካትስኪልና ለደላዌር ውሃ የሚበቃ ማጣሪያ ለመሥራት የሚያስፈልገው ገንዘብ ከ4 እስከ 6 ቢሊዮን ዶላር ተገመተ፤ ከዚህም አስበልጠው የገመቱ ነበሩ። ማጣሪያውን ለማሠራት ደግሞ በየዓመቱ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቈጠር ዶላር ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ተከፋይ የሚሆነው ከሕዝቡ የውሃ ሒሳብ ስለ ሆነ፣ ከድኻው ሠፈር ጭምር የሚወጣ ዕዳ ነበር።

በ1990 የከተማይቱ መሥሪያ ቤት ርካሹን መንገድ መረጠ፤ ይኸውም ደንብ ማውጣት ነው። ለውይይት የቀረበው ረቂቅ ከወንዝና ከጅረት ዳር በተወሰነ ርቀት ውስጥ እርሻንና ከብትን፣ የፍግንም መበተን የሚከለክልና የሚያጠብቅ ነበር። በከተማ ቢሮ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ይህ ልክ ይመስላል። ዳሩ ግን በዚያ አገር ሜዳ የሚገኘው በሸለቆው ወለል ላይ ብቻ ሲሆን ጅረቱም የሚወርደው በዚያው ነው፤ ቤቱም፣ በረቱም፣ ማሳውም በጅረቱ ዳር ነው። ስለዚህ ከውሃው ራቅ ማለት ማለት እርሻውን መዝጋት ማለት ነበር። ገበሬዎቹ ተቈጡ፤ የየወረዳው ሹማምንትም በ1991 ማኅበር አቋቁመው ከተማይቱን በሕግ ለመቃወም ተነሡ።

በዚህ ጊዜ የግዛቱ የእርሻ መሥሪያ ቤት በመካከል ገብቶ የከተማይቱን ሰዎችና የገበሬዎቹን ተጠሪዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጠ። የከተማይቱ የውሃና የአካባቢ ጥበቃ ኀላፊ የነበሩት አልበርት አፕልተን ረቂቁን ይዘው ከመሟገት ይልቅ ገበሬውን ማዳመጥ መረጡ። ከብዙ ወራት ንግግር በኋላ የተገኘው አሳብ ይህ ነው፤ ማንም ገበሬ አይገደድም፤ ወጪውን ሁሉ ከተማይቱ ትከፍላለች፤ ሥራውን የሚመራው የገበሬዎቹ የራሳቸው ምክር ቤት ነው። ነገር ግን በአምስት ዓመት ውስጥ ከመቶ ገበሬ 85 ወደ ውሉ ካልገቡ ከተማይቱ ወደ ደንቧ ልትመለስ ትችላለች። ይህ የመጨረሻው ቃል ብዙ ሥራ ሠርቷል፤ ጎረቤት ጎረቤቱን እንዲመክር አድርጎታልና። በ1993 የተፋሰሱ የእርሻ ምክር ቤት ተቋቋመ፤ የተባለውም ቍጥር በጊዜው ተሞላ።

ሥራው በእያንዳንዱ እርሻ ላይ እንዴት እንደሚካሄድ በዝርዝር መመልከት ይገባል። የእርሻ ዐዋቂዎች መጥተው ከገበሬው ጋራ መሬቱን ከዳር እስከ ዳር ይዞራሉ፤ ከዚያም ለዚያ እርሻ ብቻ የሚሆን ዕቅድ ይጻፋል። ለአንዱ የሚስማማው ለሌላው ስለማይስማማ፣ አንድ ዓይነት ትእዛዝ ለሁሉ አይሰጥም። ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው የጥጃው ማደሪያ ነው። ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው በዓይን የማይታይ ተውሳክ በግልገል ጥጆች ሆድ ውስጥ ይበዛል፤ በ1993 በሚልዋኪ ከተማ በመጠጥ ውሃ ገብቶ ወደ 400,000 የሚጠጋ ሰው ያሳመመው ይኸው ተውሳክ ነው። ስለዚህ ጥጆቹ ደረቅና ንጹሕ በሆነ ልዩ ቤት እንዲያድጉ፣ እዳሪያቸውም ከጅረት እንዲርቅ ይደረጋል። ሁለተኛው የፍግ ነገር ነው። ፍግ ለማሳ ሀብት ነው፤ በበረዶ ላይ ወይም ዝናም ሊዘንብ ሲል በተበተነ ጊዜ ግን ታጥቦ ወደ ግድቡ ይገባል፤ በውስጡ ያለው ፎስፎርም በውሃው ላይ አረንጓዴ ሽፋን ያበቅላል። በዕቅዱ ላይ የትኛው ማሳ መቼና ምን ያህል ፍግ እንደሚቀበል ተጽፏል። እንዲሁም የጅረቱ ዳር ይታጠራል፤ ላሞቹ ወደ ወንዝ እንዳይወርዱ በግጦሹ መካከል የውሃ ገንዳ ይሠራላቸዋል። ከ1998 ጀምሮ ደግሞ የጅረቱን ዳር ለዛፍና ለሣር የለቀቀ ገበሬ ከማዕከላዊው መንግሥት ከ10 እስከ 15 ዓመት ድረስ ኪራይ እንዲከፈለው ሆነ። ብዙዎቹ ገበሬዎች እንዳስተዋሉትም፣ ከብቱ ጭቃ ባልረገጠና ንጹሕ ውሃ በጠጣ ጊዜ ጤናው ይሻላል፤ ስለዚህ ውሉ ለከተማው ብቻ የሚሠራ ሥራ አልሆነም።

የአዲስ አበባ ሕዝብም ከሚጠጣው ውሃ አንዱ ክፍል የሚጠራቀመው በለገዳዲ፣ በድሬና በገፈርሳ ግድቦች ሲሆን ከግድቦቹ በላይ ያለው መሬት የሚታረስና የሚጋጥ ነው። በክረምት ወደ ለገዳዲ የሚገባው ደለል ማጣሪያውን ምን ያህል እንደሚያስቸግር የውሃ ሥራ ሰዎች ያውቁታል።

ከገበሬዎቹ ጋራ የነበረው ነገር ቢያልቅም፣ የወረዳዎቹ ክርክር ገና ነበር። እነዚህ የፈሩት ከተማይቱ መሬት እየገዛች ልጆቻቸው ቤት የሚሠሩበትን እንዳታሳጣቸው ነው። በ1995 የግዛቱ አገረ ገዥ ጆርጅ ፓታኪ ንግግሩን በራሳቸው መሥሪያ ቤት አማካይነት አስጀመሩ፤ በጥር 1997ም ከተማይቱ በከንቲባው በሩዶልፍ ጁሊያኒ፣ ግዛቱ፣ የማዕከላዊው መንግሥት መሥሪያ ቤትና ወረዳዎቹ የተፈራረሙበት ውል ጸና። በዚህም ውል ከተማይቱ መሬት የምትገዛው ከወደደ ሻጭ ብቻ ሆነ፤ በግድ መውሰድ ቀረ። በገዛችውም መሬት ላይ እንደ ማንኛውም ባለርስት ለወረዳው ግብር ትከፍላለች። መንደሮች የሚሰፉበትን ቦታ ለይተው ከግዢ ውጭ እንዲያደርጉ መብት ተሰጣቸው። መሬቱን ለመልቀቅ የማይፈልግ ባለርስት ደግሞ ርስቱን እንደ ያዘ በላዩ ላይ ብዙ ቤት ያለመሥራትን ግዴታ ብቻ ሊሸጥ ይችላል። ከ1997 ወዲህ በሁለቱም መንገድ የተጠበቀው መሬት ከ50,000 ሄክታር በላይ ሲሆን በጋሻ ቢታሰብ ከ1,200 ጋሻ ያልፋል። ከዚህ በቀር የወረዳዎቹ ሰዎች የሚያስተዳድሩት ድርጅት ተቋቁሞ በከተማይቱ ገንዘብ በሺህ የሚቈጠሩ የቤት ፍሳሽ ጕድጓዶችን አሳደሰ፤ ለአገሩ ነጋዴዎችም ብድር ሰጠ።

ወጪው ትንሽ አልነበረም፤ በ1997ቱ ውል ጊዜ ከተማይቱ የገባችው ግዴታ ወደ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋ ነበር። ሆኖም ከተማይቱ ከምትጠጣው ከመቶ 10 እጅ ያህሉን የሚሰጠው ክሮተን የተባለው ቅርብ ምንጭ የደረሰበትን መመልከት ልዩነቱን ያሳያል። በክሮተን ዙሪያ ቤትና መንገድ ስለ በዛ ምንጩን ማዳን አልተቻለም፤ በ2015 ሥራ የጀመረው ማጣሪያው ብቻ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስወጣ።

በካትስኪል ያለው ነገር ግን ሁሉ ተስተካክሏል ማለት አይደለም። ዐውሎ ነፋስና ከባድ ዝናም በመጣ ጊዜ የተራራው ሸክላ አፈር ታጥቦ ውሃው ስለሚደፈርስ፣ ከተማይቱ ጭቃውን የሚያዘቅጥ መድኃኒት ለመጨመር ትገደዳለች። በ2011 የደረሰው ጎርፍ ፕራትስቪል የተባለችውን መንደር ክፉኛ አፈረሳት፤ ከዚያም በኋላ ጎርፍ የሚያጠቃቸውን ቤቶች ከባለቤቶቻቸው የመግዛት ሥራ ተጨመረ። የወተት ዋጋ ከወጪው ጋራ ስላልተመጣጠነም የላም እርባታዎቹ ቍጥር ከ1993 ወዲህ እጅግ ቀንሷል፤ በጅረቱ ዳር የታጠረው አጥር ከብት የሌለበት ሆኖ የቀረባቸው ስፍራዎች አሉ። ወረዳዎቹም የመሬቱ ግዢ ይበቃል እያሉ ይከራከራሉ። የግዛቱ የጤና ጥበቃ መሥሪያ ቤት ከተማይቱ ያለ ማጣሪያ እንድትቀጥል በ2017 የሰጠው ፈቃድ ለ10 ዓመት ነው።