ድምፅ ሲዘጋ ያዳነን ምንድን ነው?



የጥምቀት ሰሞን በደብረ ብርሃን ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን። ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ነፋስና አቧራ ነው። ከዋዜማው ጀምረን ስንዘምር ሰንብተን የብዙዎቻችን ድምፅ ይዘጋል። ያን ጊዜ ምክር ሰጪው ብዙ ነው፤ አንዱ ዝንጅብል፣ ሌላው ጥሬ እንቁላል፣ ሦስተኛው ከሱቅ የገዛውን የቪታሚን እንክብል ያቀርባል። እኔም አምና እንክብሉን ውጬ በሳምንቱ ድምፄ ሲመለስ ለጓደኞቼ ሁሉ አወደስሁት። ዛሬ ግን ራሴን እጠይቃለሁ፤ ያዳነኝ እንክብሉ ነው ወይስ ዝም ብዬ የሰነበትሁበት ሳምንት?

ድምፅ እንዴት ይወጣል? በማንቁርት ውስጥ ሁለት የድምፅ አውታሮች አሉ። ከሳንባ የሚወጣው አየር ሲያልፍባቸው ይርገበገባሉ፤ ስንነጋገር በወንድ በሰከንድ 100 ጊዜ፣ በሴት 200 ጊዜ ያህል። አለቅጥ ስንጮህ ያብጣሉ፤ ሲያብጡም በደንብ ስለማይገጥሙ ድምፅ ይጎረንናል። የምንውጠው ነገር ግን በእነርሱ ላይ አያልፍም፤ ስንውጥ ማንቁርት ይከደናል። ስለዚህ ማርና ዝንጅብል ጎሮሮን ያለሰልሱ ይሆናል እንጂ አውታሮቹን አይነኩም።

ያልተረጋገጠ ማለት ምን ማለት ነው? መርዝ ነው ማለት አይደለም። የወሰዱትና ያልወሰዱት በሚገባ ተነጻጽረው ጥቅሙ አልታየም ማለት ነው። በአሜሪካ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት እንዲህ ያለውን እንክብል የሚሸጥ ሰው ጥቅሙን አስቀድሞ ለመንግሥት እንዲያስመሰክር አይገደድም። በዕቃው ላይ የተጻፈው ውዳሴ የሻጩ ቃል ነው።

ታዲያ ሁሉ ከንቱ ነው? አይደለም። በአዮዲን እጥረት የሚመጣው እንቅርት በደጋው አገራችን የታወቀ ነው፤ ሲያድግም ድምፅን ሊያጎረንን ይችላል። ስለዚህ በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ የምንበላው ጨው አዮዲን እንዲኖረው አዘዘ። እዚህ ላይ መንሥኤው ታወቀ፣ የጎደለውም ተለየ። እኛ ግን መንሥኤውን ሳናውቅ እንውጣለን።

ከአንኮበር የመጣች አንዲት እኅታችን ከፋሲካ እስከ ክረምት ድምፅዋ ጎርንኖ ሳለ ዱቄት ስትለዋውጥ ከረመች። ከፊተኛው ረድፍ እንዳይቀንሷት ፈርታ ለማንም አልተናገረችም። ሐኪም ሲያያት በአውታሮቿ ላይ ትንንሽ እባጮች ተገኙ። ያስፈለጋት ዕረፍትና የአዘማመር እርማት ነበር። እርሷስ በጊዜ ደረሰች። የማንቁርት ነቀርሳ ወይም ካንሰር ቢሆን ኖሮ በዱቄት ያለፉት ወራት አይመለሱም ነበር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የተባለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ እነዚህን እናስታውስ፤

1ኛ/ ድምፅ ሲዘጋ ማረፍ፤ በግድ ማንሾካሾክም ያደክማል።
2ኛ/ ውኃ መጠጣት፣ ከጭስና ከአቧራ መራቅ።
3ኛ/ ከ4 ሳምንት ካለፈ ወደ ሐኪም መሄድ። ትንፋሽ ማጠር፣ ደም መትፋት፣ ክብደት መቀነስ ወይም የአንገት እብጠት ከታየ ግን ቀን አለመቁጠር።
4ኛ/ የምንወስደውን ሁሉ ለሐኪሙ መንገር።

የመዘምራን አለቆችም ድምፁ ተዘግቶ ያረፈውን «ሰነፍ» አትበሉት። ቦታው እንደሚጠብቀው ያወቀ ሰው ሕመሙን አይደብቅም።