ፊርማና መዝገብ፤ የሩዋንዳ ሴቶች ከእልቂቱ ወዲህ

ነጋዴ ከባንክ ብድር ሲጠይቅ አስቀድሞ የሚመረመረው መያዣውና ፊርማው ነው። መያዣ የሌለው፣ ፊርማውም በሕግ ያልጸናለት ሰው የቱንም ያህል ትጉህ ቢሆን ከጉሊት ንግድ ማለፍ አይሆንለትም። ከታላቅ መከራ የወጣ አገር የሴቶቹን ኑሮ ከወንዶቹ ጋር ለማስተካከል ሲያስብ ከወዴት መጀመር እንደሚገባው የሩዋንዳ ነገር ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። (ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።)

በ1994 መቶ ቀን ያህል በቈየው እልቂት 800 ሺህ ያህል ሰዎች እንደ ተገደሉ ይገመታል። ከወንዶቹ ብዙዎቹ ሞተው፣ ሌሎቹም ተሰደው ወይም ታስረው ስለ ነበር፣ ከየቤቱ ሢሶ ያህሉ በሴት ኀላፊነት ቀረ። ማረሱም መነገዱም፣ ወላጅ የሌላቸውን ልጆች ማሳደጉም በሴቶቹ ላይ ወደቀ። ሕጉ ግን ያው የቀድሞው ነበረ። ባለትዳር ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ ንግድ መክፈት አትችልም ነበር፤ በልማድም ሴት ልጅ የአባቷን መሬት አትወርስም። ስለዚህ ባሏ የሞተባትን ሴት የባሏ ወንድሞች «መሬቱን ልቀቂ» ቢሏት የምትመልሰው አልነበራትም።

ይህን የለወጠው በ1999 የወጣው የባልና ሚስት ሀብትና የውርስ ሕግ ነው። በዚህ ሕግ ወንድና ሴት ልጆች እኩል ወራሾች ሆኑ፤ ባልና ሚስትም ስለ ሀብታቸው በጋብቻ ጊዜ እንዲስማሙ ተደረገ። ለነጋዴ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ መፈረም የማይችል ሰው ውል የሚዋዋለው የለምና።

በዚያው ዓመት በቡታሬ ከተማ አጠገብ በማራባ አንድ የቡና ገበሬዎች ማኅበር ተቋቋመ። ከአባሎቹ ብዙዎቹ ከእልቂቱ የተረፉ፣ ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች ነበሩ። በ2001 የማጠቢያ ጣቢያ አቁመው ቡናቸውን እስከ እንግሊዝ ገበያ አደረሱት። የታጠበ ቡና ካልታጠበው የተሻለ ዋጋ እንደሚያወጣ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል።

ከ2009 እስከ 2013 ደግሞ መንግሥት ከ10 ሚሊዮን በላይ ቁራሽ መሬት ለክቶ መዘገበ፤ የሚስትም ስም ከባል ስም ጋር በአንድ ወረቀት ተጻፈ። ሥራው በፍጥነቱ የሚደነቅ ነው። ሆኖም አንድ ጉድለት ነበረበት፤ ይኸውም ሕጉ የሚያውቀው በመንግሥት ሹም ፊት የተፈጸመውን ጋብቻ ብቻ መሆኑ ነው። አስቀድሞ በሙከራ ቦታዎች የተደረገው ጥናት እንዳሳየው፣ በሕግ የተጋቡት ሴቶች የመሬት መብታቸው ሲጠነክር፣ ጋብቻቸው ያልተመዘገበው ግን ከቀድሞው ይልቅ ባለመብትነታቸው ቀነሰ። እንዲህ ያለችው ሴት ዐሥርና ሃያ ዓመት ከባሏ ጋር ኖራ ቡናውን ብትተክልና ብትለቅም እንኳ፣ ስሟ በወረቀቱ ላይ ከሌለ ወደ ባንክ ስትቀርብ የምታስይዘው የላትም።