የእንግሊዞች ማዕድ፦ ዱሮና ዛሬ

ቋንቋ የሚማር ሰው ከቃላቱ ጋር የባለቋንቋዎቹንም ኑሮ ማወቅ ይገባዋል። ቃሉን አውቆ ልማዱን ያላወቀ እንግዳ እየራበው ከማዕድ ሊነሣ ይችላልና። ስለዚህ በዛሬው ትምህርታችን እንግሊዞች በየዕለቱ ምን እንደሚበሉና ልማዳቸው እንዴት እንደተለወጠ እንመለከታለን። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ሻይ

በ1992 በሞያሌ በኩል በዋልዳ መጠለያ ሰፍረው የነበሩ ወገኖቻችን፣ ከቡና አገር መጥተው ኬንያውያን «ቻይ» ከሚሉት በወተት ከሚፈላ ሻይ ጋር ተዋውቀዋል። የሻይ ተክል ወደ ኬንያ የገባው በእንግሊዞች አገዛዝ ጊዜ ሲሆን፣ መጀመሪያ የተተከለው በ1903 በሊሙሩ ነው። ይሁን እንጂ እንግሊዞች ራሳቸው ሻይን ከመልመዳቸው በፊት ቡና ጠጪዎች ነበሩ። በለንደን የመጀመሪያው ቡና ቤት የተከፈተው በ1652 ነው። ሻይ ቡናን በልጦ የሁሉም መጠጥ የሆነው በ18ኛው መቶ ዘመን ነው። ዛሬ ሁለቱም በብዛት ይጠጣሉ።

2. ቁርስና ምሳ

የዱሮው ቁርስ ከባድ ነበር። የተጠበሰ እንቁላል፣ ቤከን የሚባል በጨው የተሰናዳ የአሳማ ሥጋ፣ ቋሊማ፣ ቲማቲም፣ እንጉዳይና ዳቦ በአንድ ሳህን ይቀርባል። ድኻው ግን በዳቦና በሻይ ወይም በአጃ ገንፎ ይውል ነበር። ዛሬ ያ ከባድ ቁርስ በአብዛኛው ለዕረፍት ቀንና ለሆቴል ቀርቷል። ሠራተኛው ጧት የሚቸኩል በመሆኑ ኮርንፍሌክስ በቀዝቃዛ ወተት ወይም የተጠበሰ ዳቦ በማርማላታ በልቶ ይወጣል።

ለምሳም ብዙዎች ሳንድዊች ይበላሉ። ስሙ የተገኘው በ18ኛው መቶ ዘመን ከኖረ የሳንድዊች ኧርል ከሚባል መኳንንት ነው።

3. የእሑድና የዓርብ ምግብ

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤተሰቡ ተሰብስቦ በምድጃ የተጠበሰ ሥጋ ከድንች፣ ከአትክልትና ከመረቅ ጋር ይበላ ነበር። የተረፈው ሥጋ ለሰኞ ይሆናል። ይህ ልማድ ቢቀንስም አልጠፋም። ዓርብ ደግሞ ከጥንቱ ጾም የተነሣ የዓሣ ቀን ነው፤ የተጠበሰ ዓሣ ከድንች ቺፕስ ጋር ከሱቅ ተገዝቶ ይበላል።

4. እንግሊዞችና የራሽን ካርድ

የራሽን ካርድ የእኛ ብቻ የሚመስለው ካለ ይህን ያንብብ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ከጥር 1940 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር ምግብ በራሽን ደብተር ይታደል ጀመር። ስኳር፣ ቅቤ፣ ሥጋና ሻይ ሁሉ በልክ ሆኑ። ለአንድ ሰው በሳምንት የተመደበው ሻይ 57 ግራም ያህል ነበር። ዳቦ በጦርነቱ ጊዜ ባይመጠንም ከጦርነቱ በኋላ ከ1946 እስከ 1948 በራሽን ሆኗል። እደላው ፈጽሞ የቆመው በሐምሌ 1954 ነው። በ1936 ተሰደው በባዝ ከተማ ይኖሩ የነበሩት አፄ ኃይለ ሥላሴም፣ ደብተሩ ሲጀመር ገና በዚያው ነበሩ። ጊዜው ክፉ ነበር፤ ግን አለፈ።

5. እንግዶች ያመጡት ምግብ

ከጦርነቱ በኋላ ከሕንድ፣ ከፓኪስታን፣ ከባንግላዴሽና ከካሪብያን ደሴቶች የመጡ ሰዎች ምግባቸውን ይዘው ገቡ። በ2001 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሮቢን ኩክ፣ ቺክን ቲካ ማሳላ የተባለው በቅመም የሚሠራ የዶሮ ምግብ የብሪታንያ ብሔራዊ ምግብ ሆኗል እስከማለት ደርሰዋል። በለንደን እንጀራ የሚሸጡ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶችም አሉ። ስለዚህ ስደተኛ የአገሩን ልማድ የሚማር ብቻ ሳይሆን የሚያስተምርም ነው።

6. እንግሊዝ ቤት ሲጋበዙ

ሀ. በእኛ ዘንድ እንግዳ መጀመሪያ «ይብቃኝ» ይላል፤ ባለቤቱም «በሞቴ» እያለ ይለምነዋል። እንግሊዝ ግን ብዙውን ጊዜ አንዴ ይጠይቃል። «ኖ፣ ታንክ ዩ» ካሉት እውነት መስሎት ሳህኑን ያነሣል። ይህ ንፉግነት ሳይሆን ቃልዎን ማክበሩ ነው። ከፈለጉ ወዲያው «የስ፣ ፕሊዝ» ይበሉ።

ለ. «ዲነር» ለአንዳንዱ እራት፣ በተለይ በሰሜን እንግሊዝ ለብዙዎች ምሳ ነው። «ቲ» ደግሞ ሻይ ብቻ ወይም ሙሉ እራት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሰዓቱን ይጠይቁ። እነርሱ ማታ ሰባት ሲሉ በእኛም ሆነ በስዋሂሊ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው።

ሐ. ቋሊማው አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ሥጋ ነው። የማይበላ ሰው «ኢዝ ዜር ፖርክ ኢን ዚስ?» ብሎ ቢጠይቅ ነውር የለበትም።

መ. እያንዳንዱ በየሳህኑ ይበላል፤ ቢላዋ በቀኝ፣ ሹካ በግራ እጅ ይያዛል። ጉርሻ አይጠብቁ።

መልመጃ

1. የእንግሊዞች ቁርስ ለምን ቀለለ?
2. «ካም ፎር ቲ አት ሲክስ» ቢባሉ በእኛ አቆጣጠር በስንት ሰዓት ይሄዳሉ? እራት በልተው ይሄዳሉ ወይስ ሳይበሉ? ምን ብለው ቢጠይቁ ይሻላል?
3. የሚጠይቅና የሚጠየቅ ሆናችሁ «የስ፣ ፕሊዝ» እና «ኖ፣ ታንክ ዩ» የሚሉትን ከጎረቤታችሁ ጋር ተለማመዱ።