ኮከቡ ወደ ፓውንድ ሲመነዘር

የብሪታኒያ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ ምርምር የሚሰጠው ገንዘብ የሚመጣው በሁለት መንገድ ነው። በአንደኛው፣ ተመራማሪው ዕቅድ ጽፎ ይወዳደራል፤ ካሸነፈም ለዚያው ፕሮጀክት ብቻ የሚውል ገንዘብ ያገኛል። በሁለተኛው ዩኒቨርሲቲው ጥቅል በጀት ይቀበላል፤ ለየትኛው ምርምር እንደሚያውለውም ራሱ ይወስናል። ይህ ጥቅል በጀት በእንግሊዝ ብቻ በዓመት 2 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ነው። ለማን ስንት እንደሚደርስ የሚለየው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1986 የተጀመረውና በየጥቂት ዓመቱ የሚካሄደው የምርምር ጥራት ምዘና ነው።

በ2021ዱ ምዘና 157 ተቋማት ከ185 ሺህ በላይ የምርምር ሥራዎች አቅርበዋል። በ34 የሙያ ዘርፎች የተመደቡ ገምጋሚዎች ሥራዎቹን መርምረው እስከ አራት ኮከብ ሰጥተዋል፤ አራት ኮከብ ማለት በዓለም ግንባር ቀደም ማለት ነው። ከጠቅላላው ነጥብ 60 በመቶው የእነዚህ ሥራዎች ነው። 25 በመቶው ምርምሩ ከግቢ ውጭ ባመጣው ለውጥ ይለካል፤ አዲስ ሕክምና ወይም የተሻሻለ ሕግ ሊሆን ይችላል። ቀሪው 15 በመቶ ለምርምር ከባቢው የተተወ ነው።

እስከዚህ ድረስ ስለ ገንዘብ የተባለ ነገር የለም። ገምጋሚው ኮከቡን ሰጥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ኮከቡን ወደ ፓውንድ የሚመነዝረው ቀመር የሌላ አካል፣ በእንግሊዝ የሪሰርች ኢንግላንድ፣ ሥራ ነው። በዚህ ቀመር አራት ኮከብ በ4፣ ሦስት ኮከብ በ1 ይባዛል፤ ሁለት ኮከብ ምንም አያስገኝም።

በምሳሌ እንየው። እኩል መምህራን ያሏቸው ሁለት የታሪክ ትምህርት ክፍሎች አሉ እንበል። የመጀመሪያው 40 በመቶ አራት ኮከብ፣ 60 በመቶ ሦስት ኮከብ አገኘ፤ ሲባዛ 2.2 ይሆናል። ሁለተኛው 20 በመቶ አራት፣ 60 በመቶ ሦስት፣ 20 በመቶ ሁለት ኮከብ ካገኘ ድምሩ 1.4 ነው። 100 ፓውንድ ቢካፈሉ 61 ለ39 መሆኑ ነው። ከ2008ቱ ምዘና በኋላ መጀመሪያ በተሠራበት ቀመር ግን ማባዣዎቹ 7፣ 3 እና 1 ነበሩ። ያንኑ ውጤት በዚያ ብናሰላው 57.50 ለ42.50 ይመጣል። ከኮከቦቹ አንድም አልተነካም፤ ገንዘቡ ግን ቦታ ቀየረ።

ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ስሌት ጠንቅቀው ያውቃሉ። ቀድሞ ማንን እንደሚያቀርቡ ራሳቸው ይመርጡ ስለነበር ደካማ የመሰላቸውን መምህር ከዝርዝሩ ያስቀሩት ነበር፤ ምዘናው ሲቃረብም እንደ እግር ኳስ ዝውውር ታዋቂ ተመራማሪ ማስፈረም ነበር። በ2021 ምርምር የሥራ ግዴታቸው የሆነ መምህራን ሁሉ እንዲካተቱ የተደረገው፣ ኢኮኖሚስቱ ሎርድ ኒኮላስ ስተርን ስለ ምዘናው በ2016 ካቀረቡት ጥናት በኋላ ነው።

የ2021ዱ ምዘና 471 ሚሊዮን ፓውንድ እንደፈጀ ተገምቷል። ብዙ ወቀሳ የሚሰማውም በዚህ ወጪ ላይ ነው። በእኔ እይታ ለሰባት ዓመት ያህል የሚከፋፈለውን ገንዘብ ስናስብ ወጪው ያን ያህል አያስደነግጥም፤ ከዚህ ይልቅ በአንድ መስመር የሚያልቀው የማባዣ ሠንጠረዥ ክርክር ይገባው ነበር። ይህን ሥርዓት ወደ አገሩ ለመውሰድ የሚያስብ ባለሥልጣንም ከምዘናው መመሪያ በፊት ሠንጠረዡን አስቀርቦ ይመልከት፤ ሁለት ኮከብ ላገኘ ትምህርት ክፍል ምን እንደሚደርሰውም አስቀድሞ ይወስን።